ቤትዎ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ከሆነ፣ መኪናዎ የት ነው የሚያድረው?

ጥያቄው፦

«የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ትንሿ ልጃችን። ከሁለት ዓመት በፊት ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ታውንሃውስ ገዛን። አሁን የ25 ዓመት ልጄ ይኖርበታል። ሥራዬ እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሎርተን ስለሆነ እኔም በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት እዚያው አድራለሁ። ሦስት መኪና አለን። ካምሪውን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ራቭ ፎሩን ባለቤቴ፣ ኮሮላውን ልጄ። ሦስቱም በስሜ ናቸው፤ ታርጋቸውም የሜሪላንድ ነው። ጓደኛዬ ‹ቨርጂኒያ ቤት አለህ አይደል? ሁሉንም ወደዚያ አዙራቸው፤ ኢንሹራንሱ በግማሽ ይወርዳል› ይለኛል። ባለቤቴ ግን ቨርጂኒያ በየዓመቱ የመኪና ታክስ አለ ብላ አልተስማማችም። ሌላ ሰው ደግሞ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ ይዘህ ቨርጂኒያ ብትጋጭ አይከፍሉህም ብሎ አስፈራራን። ጥር ላይ ለሦስት ወር ኢትዮጵያ ስለምንሄድ፣ ለዚያ ጊዜ ኢንሹራንሱን አቋርጠን ብር እንቆጥብ ብለንም አስበናል። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

«ቤት አለህ አይደል?» የሚለው መነሻው ስህተት ነው። ታርጋም ሆነ ኢንሹራንስ የቤት ባለቤትነትን ተከትሎ አይሄድም። አምስት ስቴት ውስጥ አምስት ቤት ቢኖርዎት እንኳ ደስ ያለዎትን ታርጋ የመምረጥ መብት አያገኙም። የሚታየው ሁለት ነገር ነው። እርስዎ የሚኖሩት የት ነው? መኪናውስ የሚያድረው የት ነው? ለሁለቱም መልሱ አንድ ስቴት ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ማሰብ የሚያስፈልገው መልሱ ሲለያይ ነው። እናንተ ቤት ደግሞ ሁለቱም ዓይነት አለ። ስለዚህ ሦስቱን መኪኖች ባንድ ላይ ጠቅልሎ መወሰን አይቻልም።

ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፎርማቸው ላይ መኪናው የሚያድርበትን አድራሻ ለብቻው የሚጠይቁት በምክንያት ነው። ፖስታ የሚደርስበት አድራሻ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግድ የላቸውም። ዋጋው የሚሰላው መኪናው በሚያድርበት ዚፕ ኮድ ነው። እዚያ ሰፈር ስንት መኪና ይሰረቃል? ስንት ግጭት ይደርሳል? ሰው ሲጎዳ ሕክምናው ስንት ያወጣል? ስንቱስ ጠበቃ ይዞ ይከሳል? ሲልቨር ስፕሪንግና ውድብሪጅ ዋጋቸው የሚለያየው በዚህ ነው። መኪናው ሲልቨር ስፕሪንግ እያደረ ውድብሪጅ ነው ብለው ከሞሉ፣ የተሳሳተው ዋጋው የቆመበት ዋናው መረጃ ነው። ኩባንያው ደግሞ «ይህን ባውቅ ኖሮ በዚህ ዋጋ አልሸጥልህም ነበር» ማለት ከቻለ ውሉን የማፍረስ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

አንድ ደንበኛዬ የደረሰበትን ልንገርዎት። የሚኖረው ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። መኪናውን ያስመዘገበው ግን ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው የወንድሙ አድራሻ ነው። እኔ ጋ የመጣው ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ሊሄድ ሲወርድ መኪናው የለም። ፖሊስ ጠራ። ሪፖርቱ ላይ «ከመኖሪያው ፓርኪንግ የተሰረቀ» ተብሎ ተጻፈ፤ አድራሻው የሜሪላንድ ነው። አጀስተሯ (ጉዳቱን የምታጣራው የኢንሹራንስ ሠራተኛ) ስትደውል የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ትናንት ማታ መኪናህ የት ነበር ያደረው?» የሚል ነበር። ቀጥላ «ከትናንት ወዲያስ?» አለችው። ከዚያ የሊዝ ውሉን፣ የመብራት ቢሉን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት የዘይት ቅያሪ ደረሰኞች ጠየቀችው። ሁሉም ሜሪላንድ። ኩባንያው የከፈለውን አረቦን መለሰለትና ክሌይሙን ዘጋው። መኪናው የባንክ ዕዳ ነበረበት። ያ ልጅ የሌለውን መኪና ወር በወር ሲከፍል ቆየ። በወር ያተረፈው ልዩነት ለሁለት ሰው እራት አይበቃም ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም?» ሲለኝ የምለው ጠፋኝ። ለዚህ ነው ጓደኛዎ የሰጡዎትን ምክር ቀለል አድርጌ የማላየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በአሜሪካ ጥቂት ስቴቶች ብቻ የያዙትን ጥብቅ ሕግ ይከተላሉ። በአደጋው ላይ ትንሽም ቢሆን ጥፋት ካለብዎት፣ ከሌላው አሽከርካሪ ካሳ መጠየቅ አይችሉም። «90 በመቶ ጥፋቱ የሱ ነው» ማለት አይሠራም። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የራስን መኪና የሚያስጠግነው ኮሊዥን የሚባለው ሽፋን ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል። አድራሻው ውሸት ሆኖ ሲገኝ በቅድሚያ የሚታጣው ደግሞ ይኸው ነው። ለተጎዳው ሌላ ሰው ሕጉ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ መጠን ኩባንያው ሊከፍል ይችላል። ለእርስዎ መኪና ግን አንድ ዶላር ላያወጣ ይችላል።

ወደ እርስዎ ሁኔታ ልምጣ። እርስዎና ባለቤትዎ የሜሪላንድ ነዋሪ ናችሁ። ይህን የሚወስነው አንድ ወረቀት አይደለም፤ ብዙ ነገር ተደምሮ ነው። የት ነው የምትመርጡት? የስቴት ታክስ ለማን ነው የምታስገቡት? ልጅቷ የት ትማራለች? መንጃ ፈቃዳችሁ የየት ነው? መንጃ ፈቃድ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የአዲሱን ስቴት ሲወስዱ የድሮውን ያስረክባሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ወረቀትም አለ። ሜሪላንድ የቤት ታክስ በድንገት እንዳይዘልል የሚያደርገውን የሆምስቴድ ክሬዲት የምትሰጠው ለዋና መኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤት ስትገዙ ያንን ፎርም ፈርማችሁ ከሆነ «ዋና መኖሪያችን ይህ ነው» ብላችሁ ለመንግሥት ቃል ሰጥታችኋል። ለስቴቱ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፣ ለኢንሹራንሱ ውድብሪጅ እኖራለሁ ማለት ሁለት እርስ በርሱ የሚጋጭ ፊርማ ማስቀመጥ ነው። አንደኛው አንድ ቀን ይወጣል።

የባለቤትዎ ራቭ ፎር ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል፤ ሜሪላንድ ይቆይ።

ካምሪው ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ውድብሪጅ ያድራል ብለዋል። ቀሪው አራት አምስት ሌሊት ሜሪላንድ ነው። ስለዚህ አሁን ባለበት ይቆይ። ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ለአንድ ወር ስልክዎ ካላንደር ላይ የት እንዳደሩ ይመዝግቡ። ሰው ስለራሱ ሲገምት ይሳሳታል። «ሁለት ሦስት ሌሊት» ሲቆጠር አራት ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ መኪናው በሳምንት ይህን ያህል ሌሊት በሌላኛው ቤት እንደሚያድር ለኤጀንትዎ በኢሜይል ያሳውቁ። በስልክ ብቻ አይበቃም፤ የተጻፈ ነገር ይኑርዎት። ምናልባት ዋጋው በትንሹ ይቀየር ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ ላይነካ ይችላል። አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን ያ ኢሜይል ወርቅ ነው። የሥራ ሁኔታዎ ተቀይሮ አብዛኛውን ሌሊት ውድብሪጅ ማደር ከጀመሩ ደግሞ መልሱ ይገለበጣል። ያኔ መኪናው ወደ ቨርጂኒያ መሄድ አለበት።

ትልቁ ችግር ያለው እርስዎ ያልጠየቁኝ መኪና ላይ ነው፤ ኮሮላው ላይ። ልጅዎ ቨርጂኒያ ይኖራል። መኪናው ቨርጂኒያ ያድራል። ታርጋው ግን የሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ አዲስ ነዋሪ መኪናውን በ30 ቀን ውስጥ፣ መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ እንዲያዞር ታስገድዳለች። ያ ጊዜ አልፏል። ከቅጣቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኢንሹራንሱ ነው። የእርስዎ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውልዎ) «የቤተሰብ አባል» ሲል አብሮዎት በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር ዘመድ ማለቱ ነው። ልጅዎ ልጅዎ ስለሆነ ብቻ የቤተሰብ አባል አይባልም። ወጥቶ ሌላ ቤት ሲኖር፣ ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም እንኳ፣ ከዚያ ቃል ውጭ ነው። ኮሮላውን በእርስዎ ፈቃድ ሲነዳ ሽፋን ይኖረው ይሆናል። የጓደኛውን መኪና ተውሶ ሲነዳ ግን የእርስዎ ፖሊሲ ከኋላው ላይቆም ይችላል። እግረኛ ሆኖ መኪና ቢገጨው በእርስዎ ፖሊሲ ሥር የሚያገኘው የሕክምና ክፍያም እንዲሁ ያጠራጥራል። ኩባንያው ልጁ ዋናው ነጂ መሆኑን፣ መኪናው ውድብሪጅ እንደሚያድር የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ማናሳስ ካልኩዎት ታሪክ ጋር አንድ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው። እርስዎ ምንም ለማታለል አላሰቡም፤ አውቃለሁ። አጀስተሩ ግን ሐሳብዎን ሳይሆን ፎርሙን ነው የሚያነበው።

በዚያ ላይ መኪናው በስምዎ ነው። ልጅዎ ሰው ቢጎዳ የጠበቃው ደብዳቤ ለባለቤቱም ይመጣል። ሁለት ቤት ያለው ሰው ደግሞ የሚወሰድበት ነገር አለው። ስለዚህ ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ወደ ልጅዎ ስም ይዙር። የቨርጂኒያ ታርጋ ያውጣ። የራሱን ፖሊሲ በራሱ ስም ይግዛ። ቨርጂኒያ መኪና ሲዛወር 4.15 በመቶ ታክስ ትወስዳለች፤ ነገር ግን ወላጅ ለልጁ በስጦታ ሲሰጥ ከዚህ ነፃ የሚያደርግ ፎርም አለ። ዲኤምቪ (የቨርጂኒያ የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ሲሄድ ይህን መጠየቅ እንዳይረሳ ይንገሩት። መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ባንኩ ሳይፈቅድ ታይትሉ አይዞርም፤ የታክስ ነፃነቱም ላይሠራ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ባለቤትነቱ በእርስዎ ስም ይቆይና መኪናው በውድብሪጅ አድራሻ የቨርጂኒያ ታርጋ ያውጣ። ኢንሹራንሱም የቨርጂኒያ ፖሊሲ ሆኖ ልጅዎ ዋና ነጂ ተብሎ ይጻፍ። ይህ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ዕዳው እስኪያልቅ ያገለግላል።

ልጅዎ ከሥራ በኋላ ኡበር ወይም ሊፍት የሚሠራ ከሆነ አሁኑኑ ይናገር። የግል ፖሊሲ መተግበሪያው ተከፍቶ ደንበኛ ሲጠበቅ ያለውን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ተጨማሪ ሽፋኑ ብዙ አያስወጣም። ስንት ልጆቻችን በዚህ ክፍተት ወድቀው አይቻለሁ።

አሁን ስለ ብሩ። «በግማሽ ይወርዳል» የሚለውን ጓደኛዎ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ባለቤትዎ ግን ልክ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ታክስ ይጥላል። መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ በየ100 ዶላሩ 4 ዶላር ነው እንበል። 15 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና 600 ዶላር ይመጣበታል ማለት ነው። ለግል መኪና ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ዋጋ ላይ የተወሰነ ቅናሽ አለ፤ ቢሆንም ቀሪው በየዓመቱ ይመጣል። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ዓመታዊ የመኪና ታክስ የላትም። በምትኩ ታይትል ሲወጣ አንድ ጊዜ ትወስዳለች፤ ከሐምሌ 2025 በፈረንጆቹ ጀምሮ 6.5 በመቶ ሆኗል። እርስዎ ያንን ድሮውኑ ከፍለው ጨርሰዋል። ሁለቱን መኪኖች ወደ ቨርጂኒያ ማዞር ማለት የተከፈለውን ትቶ ዓመታዊውን መጀመር ነው። ኢንስፔክሽኑም አለ፤ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ነው። ውድብሪጅ ባለበት ካውንቲ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራም ይጨመራል። ሕጉን ትተን በሒሳብ ብቻ ብናየው እንኳ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ታክሱን ለመሸሽ በተቃራኒው የሚሄዱም አሉ። ቨርጂኒያ እየኖሩ የሜሪላንድ ታርጋ ይዘው ይቆያሉ። ታክሱ ግን የሚታሰበው በታርጋው ሳይሆን መኪናው ዘወትር በሚቆምበት ቦታ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ እንዲያውም የቨርጂኒያ ታርጋ በሌለው የነዋሪ መኪና ላይ ከመደበኛው ታክስ ሌላ በዓመት 100 ዶላር ትጨምራለች። ጎረቤት ጠቁሞ የሚመጣ ደብዳቤም አለ።

«የሜሪላንድ ኢንሹራንስ ቨርጂኒያ አይሠራም» ያለዎት ሰው ተሳስቷል። ይሠራል። በመላው አሜሪካና ካናዳ ይሠራል። እንዲያውም አብዛኛው የግል ፖሊሲ ውስጥ አንድ ጥሩ አንቀጽ አለ። አደጋው የደረሰበት ስቴት የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን ከእርስዎ ከበለጠ፣ ፖሊሲዎ ለዚያ አደጋ ራሱን ወደዚያ መጠን ከፍ ያደርጋል። ሜሪላንድ የምታስገድደው ለአንድ ተጎጂ 30 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 60 ሺህ፣ ለንብረት 15 ሺህ ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ 50 ሺህ፣ 100 ሺህና 25 ሺህ አድርጋዋለች። ድልድዩን ተሻግረው ቢጋጩ በቨርጂኒያው መጠን ይከፈላል ማለት ነው። ሰውየው ያምታታው ጉብኝትንና ነዋሪነትን ነው። ሄዶ መመለስ ሌላ፤ እዚያው ማደር ሌላ።

የማይሠራው ታርጋውን ከአንድ ስቴት፣ ኢንሹራንሱን ከሌላ ስቴት ማድረግ ነው። ሜሪላንድ ታርጋዋን የያዘ መኪና በሜሪላንድ ፈቃድ ባለው ኩባንያ፣ የሜሪላንድን ሕግ በሚያሟላ ፖሊሲ እንዲሸፈን ትፈልጋለች። በቨርጂኒያ አድራሻ የተገዛ ፖሊሲ ለሜሪላንድ ታርጋ አይሆንም። ታርጋና ኢንሹራንስ ሁልጊዜ የአንድ ስቴት ይሁኑ። ለዚህም ነው ሁለት ስቴት ውስጥ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁለት ፖሊሲ የሚያስፈልገው። ኩባንያው አንድ ሊሆን ይችላል። ኤጀንቱም በሁለቱም ስቴት ፈቃድ ያለው ከሆነ አንድ ሰው ሁለቱንም ይይዝልዎታል፤ እንደዚህ ያለ ሰው ይፈልጉ። ሁለት ሰው በተለያየ ቦታ ሲይዘው ነው መሐል ላይ ክፍተት የሚፈጠረው።

መጠኑን በተመለከተ፣ እባክዎ በዝቅተኛው አይነዱ። ሰው ሲመጣ «ፉል ካቨሬጅ አለኝ» ይለኛል። ፖሊሲው ላይ ፉል ካቨሬጅ የሚባል መስመር የለም። ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ (እንደ ስርቆት ላለ ከግጭት ውጭ ለሆነ ጉዳት የሚከፍለው) ኖሮት ለሌላ ሰው ጉዳት ግን 30 ሺህ ብቻ የያዘ ፖሊሲ ስንቱን አይቻለሁ። አንድ ሰው ተጎድቶ ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ቢተኛ 30 ሺህ የት ትደርሳለች? ቀሪውን የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤት ነው። ለእናንተ ቢያንስ ለአንድ ተጎጂ 250 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 500 ሺህ እመክራለሁ። ከላዩ የአንድ ሚሊዮን ዶላር አምብሬላ ይጨመርበት፤ ጃንጥላ ማለት ነው፣ የመኪናውና የቤቱ ሽፋን ሲያልቅ ከላይ የሚጨምር ሽፋን። አምብሬላው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ይህን ያህል መጠን እንዲኖር ያስገድዳል። ሁለቱም ቤቶች፣ በስማችሁ ያሉት መኪኖች ሁሉ ማመልከቻው ላይ መጻፋቸውን በዓይንዎ ይዩ። ያልተጻፈ ቤት ወይም መኪና ከጃንጥላው ውጭ ነው። የውድብሪጁ ቤት ኢንሹራንስም እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱ። ስትገዙት «ራሳችን እንኖርበታለን» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ አሁን የሚኖርበት ልጅዎ ስለሆነ መታረም አለበት።

የኢትዮጵያው ጉዞ። ታርጋው መኪናው ላይ እያለ ኢንሹራንሱን አያቋርጡ። ይህን ስሕተት የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው፤ በተለይ ለገናና ለጥምቀት የሚሄደው። ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊሲ ሲሰረዝ ኩባንያው ለኤምቪኤ (የሜሪላንድ የመኪና ምዝገባ ቢሮ) በኮምፒውተር ያስተላልፋል። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎ ጎማው ባይንቀሳቀስም ቅጣቱ በየቀኑ ይጨምራል። እርስዎ አዲስ አበባ ቡና እየጠጡ ደብዳቤው ሲልቨር ስፕሪንግ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከመራል። ሲመለሱ ምዝገባው ታግዶ፣ ካልከፈሉ ሌላ መኪና እንኳ ማስመዝገብ አይችሉም። ያለዎት ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ታርጋውን ለኤምቪኤ መልሰው ደረሰኝ ተቀብለው ከዚያ ፖሊሲውን ያቋርጣሉ። ወይ ፖሊሲውን ይዘው ለኤጀንቱ «ሦስት ወር አይነዳም» ብለው ዋጋው የሚቀንስበት መንገድ ካለ ይጠይቃሉ። ለሦስት ወር የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ሽፋን ተቋርጦ የነበረ ሰው ተመልሶ ሲገዛ በውድ ነው የሚገዛው፤ ያተረፉት ያኔ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉ በኮሮላውም ላይ ያው ነው። መጀመሪያ ልጅዎ የቨርጂኒያውን ፖሊሲ ይግዛ። ቀጥሎ ታይትሉንና ታርጋውን ያውጣ። ከዚያ የሜሪላንዱ ታርጋ ተነቅሎ ለኤምቪኤ ይመለስ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ከእርስዎ ፖሊሲ ላይ መኪናው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለጥቂት ቀን ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ። ይክፈሉ።

ቤታቸው ከዚህ ራቅ ያለ አንባቢዎችም ስለሚጠይቁኝ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። መርሁ ያው ነው፤ ቀኑ ግን ይለያያል። ጆርጂያና ቴክሳስ ለአዲስ ነዋሪ 30 ቀን ይሰጣሉ። ካሊፎርኒያ 20 ቀን። ፍሎሪዳ ሥራ ከጀመሩ ወይም ልጅ የሕዝብ ትምህርት ቤት ካስገቡ 10 ቀን ብቻ ነው። ክረምቱን እዚያ ለማሳለፍ ቤት የገዙ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይያዙ። መኪናው በ365 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ፍሎሪዳ ከቆየ የፍሎሪዳን ግዴታ የሚያሟላ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። እዚያ የሚያስገድዱት ለራስ ሕክምና 10 ሺህ፣ ለሌላ ሰው ንብረት 10 ሺህ ዶላር ነው። በሰው አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት ብዙውን ነጂ አያስገድዱም። ስለዚህ ያልተሸፈነ ሰው ቢገጭዎት ራስዎን የሚጠብቀውን ሽፋን ሳይይዙ ፍሎሪዳ ውስጥ አይነዱ። ሞንታና ስቴት ውስጥ ኩባንያ ከፍቶ በኩባንያው ስም ታርጋ ማውጣት የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። መኪናው ሜሪላንድ እያደረ የሞንታና ነው ማለት ያው የማናሳሱ ታሪክ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ በዝቷል።

ለእርስዎ የምሰጠው ውሳኔ ይህ ነው። ካምሪውና ራቭ ፎሩ ሜሪላንድ ይቆዩ፤ መጠናቸው ከፍ ይበል። ኮሮላው ወደ ልጅዎ ስምና ወደ ቨርጂኒያ ይሂድ። እሱን ግን ለጥር አያቆዩት። ታይትሉ ላይ በእጅዎ መፈረም ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ከበረሩ በኋላ ልጁ ብቻውን ዲኤምቪ ሄዶ የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ማታ ታይትሉን ካስቀመጡበት አውጥተው ከላዩ የባንክ ስም አለመኖሩን ይመልከቱ። ከሌለበት በዚህ ሳምንት ልጅዎ ለውድብሪጅ አድራሻ የኢንሹራንስ ዋጋ ያስጠይቅ።